ዋጋ ሳይጠፋ ዋጋ መቀየር፦ አፕዴትን በሰብኩዌሪና በሲቲኢ መሥራት

አዳማ ውስጥ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ፌሮ፣ ቀለም፣ የቧንቧ እቃ፣ ምን የሌለው አለ። ዳታቤዙን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አዲስ የዋጋ ዝርዝር ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ይመጣል። እቃው በፍጥነት መንገዱ ሲመጣ እንኳን ዋጋው ቀድሞት ይደርሳል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝሩን አስገባሁ። አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ኢንተር መታሁ፣ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ካሸሯ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች።

«ሚስማር ዋጋ የለውም ይላል» አለችኝ።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ከውስጥ ሰሙ። «እና በነፃ እንስጥ?» አሉ።

ደንበኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሚስማሩ ብቻ አልነበረም፤ የሱቁ አብዛኛው እቃ ዋጋው ባዶ ሆኗል። ቅጂ አልያዝኩም ነበር። ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ ዋጋ እየለቀምን እስከ ማታ ሞላነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያን ቅዳሜ እያስታወስኩ ነው።

ስለ አጻጻፌ ትንሽ ልበል። የኤስኪዩኤልን (ዳታቤዝ የሚታዘዝበትን ቋንቋ) ትእዛዞች በድምፃቸው፣ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኪቦርድ ላይ ስትመቷቸው ግን በላቲን ፊደል ነው። «ሰት» ያልኩት ከአፕዴት (ከመቀየሪያው ትእዛዝ) ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ነው፤ በ«ሴ» ብጽፈው ሌላ ነገር ሊመስል ነው። «ኤንድ» ያልኩትም ከቁጥሩ እንዳይምታታ ነው። የቴብልና የኮለም ስሞች ግን በአማርኛ እንዳሉ ይሠራሉ። ፖስትግሬስም፣ ማይኤስኪዩኤልም፣ ኤስኪዩላይትም የሚባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል ይቀበላሉ።

አንድ ጣጣ ግን አለው። «እቃ» እና «ዕቃ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሚስማር» እና «ምስማር»ም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለት ቴብል ስታገናኙ በስም አታገናኙ፤ በኮድ አገናኙ። እኔ በስም አገናኝቼ ግማሹ እቃ ሳይገናኝልኝ ቀርቶ ያውቃል። ጥፋቱ የፊደል መሆኑን እስክደርስበት ግማሽ ቀን ሄደ።

የምንሠራባቸው ቴብሎች እነዚህ ናቸው፦

እቃ (ኮድ, ስም, ዋጋ)
ዝርዝር (ኮድ, ዋጋ)
ደንበኛ (ቁጥር, ስም, ቀሪ_እዳ)
ዱቤ (ደንበኛ_ቁጥር, ቀን, ብር)
ክፍያ (ደንበኛ_ቁጥር, ቀን, ብር)

«ዝርዝር» ከቴሌግራም የመጣው የኤክሴል ፋይል ነው። ሌሎቹ የሱቁ ናቸው። ምሳሌዎቹን በፖስትግሬስ አገባብ ነው የጻፍኳቸው። ሌሎቹ የሚለዩበትን በየቦታውና ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ ቅጂ ያዙ፣ ከዚያ ቢጊን በሉ

ክሪኤት ቴብል እቃ_ቅጂ አዝ ሴሌክት * ፍሮም እቃ;
ቢጊን;

ሁለት መስመር ነው። ስንፍና ካልሆነ በቀር ላለመጻፍ ምክንያት የለም። ኤስኪዩኤል ሰርቨር ላይ ቅጂው በ«ሴሌክት ኢንቱ» ነው የሚሠራው፤ ቢጊን ከሚለውም ቀጥሎ «ትራንዛክሽን» መጨመር አለበት።

ቢጊን ካላችሁ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ ኮሚት እስክትሉ ድረስ የመጨረሻ አይደለም። ካላማራችሁ ሮልባክ ብላችሁ ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋም ያልጸናው ሥራ ተመልሶ ይሰረዛል፤ ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ አይቀርም። መብራት እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማይኤስኪዩኤል ላይ ግን ቴብሉ የቆየው የማይአይሳም ዓይነት ከሆነ ሮልባክ አይሠራም። ወደ ኢኖዲቢ ቀይሩት።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ጥያቄዎች ለዩ

ማንኛውም አፕዴት ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። የትኞቹ ረድፎች ይቀየሩ? ምን ይሁኑ? ሁለተኛውን «ሰት» ይመልሳል፤ የመጀመሪያውን «ዌር» ይመልሳል። እኔን ያዋረደኝ ትእዛዝ ይኸውላችሁ፦

አፕዴት እቃ
ሰት ዋጋ = (
  ሴሌክት ዝርዝር.ዋጋ
  ፍሮም ዝርዝር
  ዌር ዝርዝር.ኮድ = እቃ.ኮድ
);

ሲያዩት ልክ ይመስላል። ዌርም አለው። ግን ዌሩ ያለው ቅንፉ ውስጥ ነው። እሱ የሚመልሰው «ለዚህ እቃ ዋጋው ስንት ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። የውጪው አፕዴት ዌር የለውም። ስለዚህ ዳታቤዙ የሱቁን እቃ አንድ በአንድ እያነሳ ቅንፉን ይጠይቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለ እቃ አዲስ ዋጋ ያገኛል። የሌለው እቃስ? ሰብኩዌሪው፣ ማለትም ቅንፉ ውስጥ ያለው ጥያቄ፣ ምንም ረድፍ ካልመለሰ መልሱ ነል (ባዶ) ነው። ነሉ ዋጋው ላይ ይጻፋል። አለቀ።

ይህን ዓይነቱን፣ ከውጪው ረድፍ ጋር የታሰረ ሰብኩዌሪ፣ ሰዎች ኮሪሌትድ ይሉታል። ስሙን መያዝ ግድ አይደለም። ቅንፉ ውስጥ ያለው ዌር የውጪውን እንደማይተካ መያዝ ግን ግድ ነው።

የተስተካከለው ይህን ይመስላል፦

አፕዴት እቃ
ሰት ዋጋ = (
  ሴሌክት ዝርዝር.ዋጋ
  ፍሮም ዝርዝር
  ዌር ዝርዝር.ኮድ = እቃ.ኮድ
)
ዌር ኤግዚስትስ (
  ሴሌክት 1
  ፍሮም ዝርዝር
  ዌር ዝርዝር.ኮድ = እቃ.ኮድ
  ኤንድ ዝርዝር.ዋጋ ኢዝ ኖት ነል
);

ኤግዚስትስ «ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ብቻ» ማለት ነው። የመጨረሻዋ መስመር ኤክሴሉ ላይ ኮድ ኖሮት ዋጋው ያልተሞላ እቃ ካለ ትይዘዋለች። እንዲህ ያለ ክፍት ሳጥን ሁልጊዜ አንድ ሁለት አይጠፋም።

አንዳንዱ በዌር ፋንታ ሰብኩዌሪውን በኮአለስ ጠቅልሎ «ካልተገኘ የድሮው ይቆይ» ይላል። ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም። ሁሉም ረድፍ ይነካል፤ «ስንት እቃ ተቀየረ?» ስትሉ የሚነገራችሁ የሱቁ ጠቅላላ እቃ ብዛት ነው። ያ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ዋጋ ባዶ መሆን የሌለበት ነገር ከሆነ ደግሞ ኮለሙን መጀመሪያውኑ ኖት ነል አድርጉት። ያን ቅዳሜ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ዳታቤዙ እንቢ ብሎ ስህተት ይሰጠኝ ነበር፤ እኔም ቡናዬን በሰላም እጠጣ ነበር።

ደረጃ 3፦ ኮለሙ የማን እንደሆነ ጻፉ

ይህ ወጥመድ ከበፊቱ ይብሳል፤ ድምፅ የለውም። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት እቃዎች ብቻ 5 በመቶ ይጨምሩ ተባለ እንበል።

አፕዴት እቃ
ሰት ዋጋ = ዋጋ * 1.05
ዌር ኮድ ኢን (ሴሌክት ኮድ ፍሮም ዝርዝር);

አሁን ኤክሴሉን ያዘጋጀው ሰው ኮለሙን «ኮድ» ሳይሆን «የእቃ_ኮድ» ብሎ ሰይሞት ነበር ብላችሁ አስቡ። ስህተት የሚሰጥ ይመስላችኋል። አይሰጥም። ዳታቤዙ «ኮድ»ን ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፤ ሲያጣው ወደ ውጪ ወጥቶ እቃ ውስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ ጥያቄው «የእቃው ኮድ ከራሱ ከእቃው ኮድ ጋር እኩል ነው?» ይሆናል። ሁልጊዜ እኩል ነው። የሱቁ እቃ በሙሉ 5 በመቶ ይጨምራል።

መፍትሔው «ሴሌክት ዝርዝር.ኮድ» ብሎ የቴብሉን ስም መጻፍ ነው። ያን ጊዜ እንደዚህ ያለ ኮለም የለም ብሎ ይጮሃል። በሰብኩዌሪ ውስጥ የቴብል ስም የሌለው ኮለም አትጻፉ። ጣት ትንሽ ይደክማል፤ ከእንቅልፍ ማጣት ይሻላል።

እግረ መንገዴን፣ ማባዛት ሲደገም ይደራረባል። 100 ብር የነበረው 105 ይሆናል፤ ትእዛዙን በስህተት ሁለቴ ብታስኬዱት 110.25 ይሆናል። ከዝርዝር ዋጋ መቅዳት ግን አሥር ጊዜ ቢደገም ውጤቱ ያው ነው። ምርጫ ካላችሁ አዲሱን ዋጋ ዝርዝሩ ላይ አስልታችሁ አምጡና ቅዱት።

ኖት ኢንም ተንኮል አለው። ቅንፉ ውስጥ አንድ ነል እንኳን ከገባ አንድም ረድፍ አይመረጥም። «ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉት» ለማለት ኖት ኤግዚስትስ ተጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ ድርብ ኮድ ፈትሹ

አንድ እቃ ዝርዝሩ ላይ ሁለቴ ቢመጣስ? ሴሌክት ብላችሁ ቀድማችሁ እዩ፦

ሴሌክት ኮድ, ካውንት(*)
ፍሮም ዝርዝር
ግሩፕ ባይ ኮድ
ሃቪንግ ካውንት(*) > 1;

ምንም ካልመጣ እለፉ። ከመጣ ግን የምትጠቀሙት ዳታቤዝ ጠባይ ለውጥ ያመጣል። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪዩኤልና ኤስኪዩኤል ሰርቨር ሰብኩዌሪው ከአንድ በላይ ረድፍ መለሰ ብለው ሥራውን ያቆማሉ። ኤስኪዩላይት ግን የመጀመሪያውን አንስቶ ዝም ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማክስ ብሎ ይገላገላል። ስህተቱ ይጠፋል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ማክስ የሚሰጠው ውዱን ዋጋ እንጂ የቅርቡን አይደለም። ፌሮ ረክሶ ቢሆንስ? ስልክ ደውላችሁ የትኛው ልክ እንደሆነ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ነገሩ ሲወሳሰብ ወደ ሲቲኢ ሂዱ

ከአንድ ቴብል አንድ ኮለም ለመቅዳት ሰብኩዌሪ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ እኔ በቀጥታ ወደ ሲቲኢ ነው የምሄደው። ሲቲኢ ማለት በ«ዊዝ» የሚጀምር፣ ስም የተሰጠው ጊዜያዊ ውጤት ነው። ለዚያ ለአንድ ትእዛዝ ብቻ ይኖራል፤ ከዚያ ይጠፋል።

ሰዎች ሲቲኢን የሚያወድሱት ኮድ ያሳምራል እያሉ ነው። ያ ለእኔ ትርፍ ነገር ነው። የምወደው ሌላ ነገሩን ነው፤ ከመቀየሬ በፊት የምቀይረውን ያሳየኛል። በዱቤ መዝገብ ላሳያችሁ።

ጋሼ ዱቤ ይሰጣሉ። ተቋራጩ ሲሚንቶ ይወስዳል፣ ጋሪ ላይ ያስጭናል፣ «ቅዳሜ እከፍላለሁ» ይላል። ቅዳሜ ትንሽ ይከፍላል። የደንበኛው ቀሪ_እዳ ከዱቤው ድምር ላይ የክፍያው ድምር ሲቀነስ የሚገኘው ነው። (እውነቱን ለመናገር ቀሪ እዳን አስልቶ ማስቀመጥ ራሱ ጥሩ አይደለም፤ በቪው (ስም ተሰጥቶት በተቀመጠ ሴሌክት) በየጊዜው ማስላት ይሻላል። ግን ፕሮግራሙ ያንን ኮለም ነው የሚያነበው፤ ፕሮግራሙን ደግሞ የሠራሁት እኔ አይደለሁም።)

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ሦስቱን ቴብሎች በአንድ ጆይን ማገናኘት ነው። አታድርጉት። አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ዱቤ ወሰደ እንበል፤ 2,000፣ 4,000 እና 1,500 ብር። ድምሩ 7,500 ነው። ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ 3,000 እና 1,000። ድምሩ 4,000 ነው። ቀሪው 3,500 ብር መሆን አለበት።

ሦስቱን በአንድ ጆይን ብታገናኙ እያንዳንዱ ዱቤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ይጣመራል። 3 ሲባዛ በ2፣ 6 ረድፍ ይወጣል። ዱቤው እጥፍ ሆኖ 15,000 ይደመራል። ክፍያው ሦስት እጥፍ ሆኖ 12,000 ይደመራል። ልዩነቱ 3,000 ብር። ክፋቱ ምን ላይ ነው? 3,000 ለ3,500 ቅርብ ነው። ማንም ዓይቶ አይጠራጠርም። ጋሼ 500 ብር ይከስራሉ፤ ደንበኛው ዝም ይላል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው ደምረን፣ አንድ ደንበኛ አንድ ረድፍ ካደረግነው በኋላ ነው የምናገናኘው፦

ዊዝ የዱቤ_ድምር አዝ (
  ሴሌክት ደንበኛ_ቁጥር, ሰም(ብር) አዝ ድምር
  ፍሮም ዱቤ
  ግሩፕ ባይ ደንበኛ_ቁጥር
),
የክፍያ_ድምር አዝ (
  ሴሌክት ደንበኛ_ቁጥር, ሰም(ብር) አዝ ድምር
  ፍሮም ክፍያ
  ግሩፕ ባይ ደንበኛ_ቁጥር
),
ሂሳብ አዝ (
  ሴሌክት ደ.ቁጥር,
         ደ.ቀሪ_እዳ አዝ የድሮ,
         ኮአለስ(ዱ.ድምር, 0) - ኮአለስ(ክ.ድምር, 0) አዝ አዲስ
  ፍሮም ደንበኛ ደ
  ሌፍት ጆይን የዱቤ_ድምር ዱ ኦን ዱ.ደንበኛ_ቁጥር = ደ.ቁጥር
  ሌፍት ጆይን የክፍያ_ድምር ክ ኦን ክ.ደንበኛ_ቁጥር = ደ.ቁጥር
)
ሴሌክት *
ፍሮም ሂሳብ
ዌር የድሮ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም አዲስ;

ሌፍት ጆይን የሆነው ዱቤ ወስዶ ምንም ያልከፈለ ደንበኛ እንዳይጠፋብን ነው። እሱን ነው እንዲያውም የምንፈልገው። ኮአለስ የሌለውን ድምር ዜሮ ያደርገዋል፤ ካልሆነ ከ7,500 ላይ ነል ሲቀነስ መልሱ ነል ነው። መጨረሻ ላይ «እኩል አይደለም» የሚለውን ምልክት ትቼ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም ያልኩት የድሮው እዳ ባዶ የሆነበት ደንበኛም እንዲወጣ ነው። ነል ያለበት ንጽጽር እውነትም ሐሰትም አይሆንም፤ ረድፉ ተደብቆ ይቀራል።

እስካሁን ምንም አልቀየርንም። ሴሌክት ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የደንበኛው ቁጥር፣ የድሮው እዳ፣ አዲሱ እዳ ጎን ለጎን ቆመዋል። እዚህ ላይ ቁጭ በሉ። ሁለት ሦስት ደንበኛ መርጣችሁ ከዱቤ ደብተሩ ጋር አመሳክሩ። እኔ ጋሼን ነው የምጠራው። ስንት ብር ማን ዘንድ እንዳለ ከዳታቤዙ በፊት እሳቸው ያውቁታል። አንዴ አዲሱን ቁጥር ዓይተው «ይሄ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከፍሎኛል» አሉ። ክፍያው ሳይመዘገብ ቀርቶ ኖሯል። አፕዴቱ ያንን በራሱ አይነግረኝም ነበር።

ደረጃ 6፦ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ቀይሩ

ከታየ በኋላ ከላይ ያለውን ዊዝ አትንኩት። ከታች ያለውን ሴሌክት ብቻ አንስታችሁ ይህን ተኩ፦

አፕዴት ደንበኛ
ሰት ቀሪ_እዳ = ሂሳብ.አዲስ
ፍሮም ሂሳብ
ዌር ደንበኛ.ቁጥር = ሂሳብ.ቁጥር
ኤንድ ሂሳብ.የድሮ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም ሂሳብ.አዲስ;

ሁለቱም ጥያቄዎች፣ የትኛው ረድፍና ምን ይሁን፣ ሂሳብ የሚለው ስም ውስጥ አንድ ላይ ተመልሰዋል። ሴሌክቱ 38 ረድፍ አሳይቶ ከነበረ አፕዴቱም 38 ማለት አለበት። ካላለ ሮልባክ። ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።

ፖስትግሬስ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከሰት ቀጥሎ ያለው ኮለም የቴብል ስም አይወድም፤ «ደንበኛ.ቀሪ_እዳ» ብትሉ ስህተት ነው። ፍሮም ላይ ደግሞ ደንበኛን መልሳችሁ አትጻፉ። ቴብሉ ከራሱ ጋር ይገናኛል፤ ማሰሪያ ካላበጃችሁለት ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋባል።

ፍሮም ከሰብኩዌሪ የሚያንስበት አንድ ቦታ አለ። ለአንድ ደንበኛ ሁለት ረድፍ ቢመጣ ሰብኩዌሪው ይጮሃል ብያችኋለሁ። ፍሮም አይጮህም። አንዱን ያነሳል፣ የትኛውን እንደሆነ ሳይነግራችሁ። ደረጃ 4 ላይ ያለችው የድርብ ፍተሻ እዚህም ታስፈልጋለች። ሂሳብ ውስጥ ግን ግሩፕ ባይ ስላደረግን አንድ ደንበኛ አንድ ረድፍ ነው፤ ስጋት የለም።

ደረጃ 7፦ የቅርቡን መምረጥ ሲያስፈልግ

የዋጋ ዝርዝሮቹን ሁሉ «የዋጋ_ታሪክ» በሚል ቴብል ውስጥ አከማችታችኋል እንበል፤ ኮድ፣ ቀን፣ ዋጋ። ለእያንዳንዱ እቃ የመጨረሻውን ብቻ ትፈልጋላችሁ። ሲቲኢ እዚህ ላይ ግዴታ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ ለረድፎች ተራ ቁጥር የሚሰጠውን ሮው_ነምበርን ሰት ወይም ዌር ውስጥ በቀጥታ መክተት ስለማይቻል።

ዊዝ ተራ አዝ (
  ሴሌክት ኮድ, ዋጋ,
         ሮው_ነምበር() ኦቨር (
           ፓርቲሽን ባይ ኮድ
           ኦርደር ባይ ቀን ዴስክ
         ) አዝ ተራ_ቁጥር
  ፍሮም የዋጋ_ታሪክ
)
አፕዴት እቃ
ሰት ዋጋ = ተራ.ዋጋ
ፍሮም ተራ
ዌር ተራ.ኮድ = እቃ.ኮድ
ኤንድ ተራ.ተራ_ቁጥር = 1;

ፓርቲሽን ባይ እቃዎቹን በየኮዳቸው ያሰልፋል። ኦርደር ባይ የቅርቡን ከፊት ያቆማል። 1 ቁጥር የያዘው ያሸንፋል።

በአንድ ቀን ሁለት ዝርዝር ከመጣ፣ ጠዋት አንድ ከሰዓት አንድ፣ ቀኑ እኩል ስለሆነ ማን 1 እንደሚይዝ አይታወቅም። ሰዓትም መዝግቡ፤ ወይም ተከታታይ መለያ ቁጥር ጨምራችሁ ኦርደር ባዩ ላይ ሁለተኛ አድርጉት።

ቀኑስ በምን ተጽፏል? የዳታቤዙ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን አያውቃትም፤ 13ኛ ወር ሲባል ይደነግጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው በእኛ አቆጣጠር በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ «3/2/2017»፣ «12/5/2017» እያለ። ጽሑፍ የሚደረደረው ከግራ ፊደል በፊደል ነው፤ ለዳታቤዙ 3 ከ12 ይበልጣል። ጥር 12 እያለ ጥቅምት 3 አሸናፊ ይሆናል፤ መስከረምና ሐምሌም ይቀላቀላሉ። በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ጻፉ፤ «2017-02-03»። ያ በትክክል ይደረደራል። የተሻለው ግን በቀን ዓይነት አስቀምጦ ሲያሳዩ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ነው።

ሌሎቹ ዳታቤዞች እንዴት ይሉታል?

ኤስኪዩላይት ዊዝን የሚያውቀው ከ3.8.3 ጀምሮ ነው። አፕዴት ላይ ፍሮምን የጨመረው ግን በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.33.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ከያዛችሁ በሰብኩዌሪ ነው የምትኖሩት።

ማይኤስኪዩኤል ዊዝን ያገኘው በ8.0 ነው። ፍሮም ሳይሆን ጆይን ነው የሚወደው፤ ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል፦

አፕዴት ደንበኛ
ጆይን ሂሳብ ኦን ሂሳብ.ቁጥር = ደንበኛ.ቁጥር
ሰት ደንበኛ.ቀሪ_እዳ = ሂሳብ.አዲስ;

ማይኤስኪዩኤል ላይ ስህተት 1093 የሚባል አለ። የምትቀይሩትን ቴብል ሰብኩዌሪ ውስጥ መልሳችሁ ስታነቡ ይመጣል፤ «እየጻፍክበት ማንበብ አትችልም» እንደማለት ነው። የታወቀው ማምለጫ ሰብኩዌሪውን በሌላ ሰብኩዌሪ መጠቅለል ነው። አንዳንዴ ግን ዳታቤዙ ጥቅሉን ራሱ ፈትቶት ስህተቱ ይመለሳል። እኔ ከሱ ጋር መታገል ትቻለሁ። ውጤቱን በጊዜያዊ ቴብል አስቀምጬ ከዚያ አፕዴት አደርጋለሁ።

ኤስኪዩኤል ሰርቨር ደግሞ አንድ የሚያስቀና ነገር አለው። ሲቲኢውን ራሱን አፕዴት ማድረግ ይቻላል፤ «አፕዴት ሂሳብ ሰት የድሮ = አዲስ» ትላላችሁ፣ ለውጡ ወደ ደንበኛ ቴብል ያልፋል። የሚቀየረው ኮለም ከአንድ ቴብል በቀጥታ የመጣ መሆን አለበት፤ ድምር መሆን የለበትም። ከዊዝ በፊት ያለው ትእዛዝ በ«;» ምልክት መዘጋቱን አትርሱ፤ ካልተዘጋ ስህተቱ ግራ ያጋባል።

ደረጃ 8፦ የተቀየረውን መዝግቡ፣ ከዚያ ኮሚት

«ትናንት ስንት ነበር?» የማይል ደንበኛ የለም። ፖስትግሬስ ላይ አፕዴቱ ራሱ ሲቲኢ ውስጥ መግባት ይችላል። የቀየረውን በሪተርኒንግ ያወጣል፤ ያንን ሌላ ቴብል ውስጥ ታስገባላችሁ፦

ዊዝ የተቀየሩ አዝ (
  አፕዴት እቃ
  ሰት ዋጋ = ዝርዝር.ዋጋ
  ፍሮም ዝርዝር, እቃ_ቅጂ
  ዌር ዝርዝር.ኮድ = እቃ.ኮድ
  ኤንድ እቃ_ቅጂ.ኮድ = እቃ.ኮድ
  ኤንድ ዝርዝር.ዋጋ <> እቃ_ቅጂ.ዋጋ
  ሪተርኒንግ እቃ.ኮድ, እቃ_ቅጂ.ዋጋ አዝ የድሮ, እቃ.ዋጋ አዝ አዲስ
)
ኢንሰርት ኢንቱ የዋጋ_ለውጥ (ኮድ, የድሮ, አዲስ)
ሴሌክት ኮድ, የድሮ, አዲስ ፍሮም የተቀየሩ;

የድሮውን ዋጋ ከቅጂው ላይ ነው ያመጣነው። ደረጃ 1 ላይ የያዝነው ቅጂ እዚህም ጠቀመን። የዋጋ_ለውጥ ቴብሉን ቀድማችሁ መፍጠራችሁን አትርሱ።

ከዚያ የመጨረሻ ፍተሻ፦

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም እቃ ዌር ዋጋ ኢዝ ነል;

ዜሮ ካለ ኮሚት በሉ። ዜሮ ካላለ ሮልባክ።

እቃ_ቅጂን በዚያው ቀን አታጥፉት። ቢያንስ ሳምንት አቆዩት፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ያ እቃ ሲሸጥ ነው፤ አንዳንድ እቃ ደግሞ በሳምንት አንዴ ነው የሚሸጠው። በሚቀጥለው ዝርዝር ጊዜ የድሮውን ቅጂ በድሮፕ ቴብል አጥፍታችሁ አዲስ ትይዛላችሁ። ቡናውንም ከኮሚት በኋላ ጠጡ።